የጠፍር አልጋ፤ ከእርጥብ ቆዳ እስከ ውጥር መኝታ

ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ሠልጣኞች፤

ስለ ጠፍር አልጋ አሠራር እንድናገር በጋበዛችሁኝ ጊዜ ሁለት ነገር ለምኜ ነበር፤ ጥላ ያለው ቦታና አንድ በርሜል ውኃ። ሁለቱንም አዘጋጅታችሁ ስለጠበቃችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከአንድ የበሬ ቆዳ የተለተልነው ጠፍር፣ አልጋው የሚጠለፍበት ረጅም የጥሬ ቆዳ ጥብጣብ፣ ሌሊቱን በዚያ በርሜል ውስጥ ተዘፍዝፎ አድሯል፤ እኔ እዚህ ቆሜ በምናገርበት ሰዓትም እየለሰለሰ ነው። የጠፍር አልጋ ሥራ ከሁሉ በላይ የውኃና የጊዜ ሥራ ነው። ቆዳው መቼ እንደሚነከር፣ መቼ እንደሚወጣ፣ ምን ያህል እርጥበት ሲቀረው እንደሚወጠርና በምን ዓይነት አየር እንደሚደርቅ ያወቀ ሰው ጥሩ አልጋ ይሠራል። ይህን ያላወቀ ሰው ግን እንጨቱ ዋንዛ፣ ቆዳው የሰንጋ ቢሆንለትም አልጋው ወይ ይረግብበታል ወይ ይሰነጠቅበታል። ያለቀ አልጋ አይቶ ይህን ዕውቀት ማግኘት አይቻልም፤ አልጋው ሲያልቅ ውኃው ሄዷል፣ ሥራውን የሠራው እርጥበት ከዐይን ተሰውሯል። ስለዚህ ነው ከንግግር ቀጥሎ ሥራ ይኑር ብዬ የለመንኋችሁ።

አልጋ የሚለው ቃል በቋንቋችን ውስጥ የያዘው ቦታ ሰፊ ነው። ዙፋንን አልጋ፣ ዙፋኑን የሚወርሰውን አልጋ ወራሽ ያሉ አባቶቻችን፣ ከመሬት ከፍ ብሎ መቀመጥና መተኛት የማዕረግ ምልክት በነበረበት ዘመን የኖሩ ናቸው። ብዙው ሰው በመደብ ወይም በመሬት ላይ ቁርበትና ጀንዲ አንጥፎ ሲተኛ፣ አልጋው የአባወራው ወይም የክብር እንግዳው ነበር። ሕመም ጥሎት መነሣት ያቃተውን ሰው የአልጋ ቁራኛ እንለዋለን፤ ቁራኛ በጥንቱ የፍርድ ሥርዓት ከሌላ ሰው ጋር ተቆራኝቶ የሚታሰር ነውና፣ አባባሉ ሰውየው ከአልጋው ጋር አብሮ ታስሯል ማለት ነው። ያለችግር የተቃና ጉዳይ ደግሞ አልጋ በአልጋ ሆነ ይባላል። በግእዝ አልጋ ዐራት ነው፤ የትግርኛ ተናጋሪዎች ይህንኑ ቃል ዛሬም በየቤታቸው ይጠሩበታል። በዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ፣ በመፃጉዕ፣ 38 ዓመት የታመመው ሰው ተነሥቶ አልጋውን ተሸክሞ እንዲሄድ መታዘዙን ስንሰማ፣ የከተማ ልጅ የሆነ ሰው ያንን ትልቅ የእንጨት አልጋ በዐይነ ኅሊናው እያየ እንዴት ተሸከመው ብሎ ሊደነቅ ይችላል። በገጠር ላደገ ሰው ግን የሚሸከሙት አልጋ እንግዳ ነገር አይደለም። ጠፍር አልጋ አራት እግር፣ አራት አግዳሚና ቆዳ ብቻ ነው፤ አንድ ጎልማሳ ገልብጦ በራሱ ላይ አድርጎ ከጎጆው ወደ ፀሐይ ያወጣዋል።

ሰውን ከመሬት አንሥቶ በተጠላለፈ ገመድ ላይ ማስተኛት የብዙ ሕዝብ ጥበብ ነው። በመካከለኛው አሜሪካና በካሪቢያን ደሴቶች ሐሞክ የሚባለው፣ በሁለት ጫፉ ታስሮ የሚንጠለጠለው የገመድ መኝታ አለ፤ ስሙ የታይኖ ሕዝብ ቃል ነው፤ ኮሎምቦስና ተከታዮቹ እ.ኤ.አ. በ1492 በዚያ ደርሰው ሲያዩት ቃሉን ከነዕቃው ወደ አውሮፓ ወሰዱት። በሜክሲኮ፣ በዩካታን የሚኖሩ የማያ ቤተሰቦች ዛሬም በሁለት ቋሚ እንጨቶች መካከል ክሩን ወጥረው በእጅ ይሠሩታል። ሐሞክ የተኛበትን ሰው ክብደት ተከትሎ ይጎብጣል፤ ቅርጹን የሚሰጠው ገላው ነው። የእኛ አልጋ በአራቱም ወገን በእንጨት ተይዞ ስለሚወጠር ሰው ሲተኛበት ጥቂት ብቻ ዝቅ ብሎ ይሸከመዋል፤ ቅርጹን የሚሰጠው የቆዳው መሸብሸብ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነሣሁት ጠፍርን ከገመድ የሚለየው ምን እንደሆነ በግልጽ እንዲታይ ነው። ገመድ በታሰረ ጊዜ የነበረው ጥብቀት ትልቁ ጥብቀቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ እየላላ ይሄዳል። ጠፍር ግን ታስሮ ካበቃ በኋላ ገና ይጠብቃል።

ይህ ዕውቀት በአካባቢያችን እጅግ የቆየ ነው። በጎረቤታችን በሱዳን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2500 እስከ 1500 ዓመት ገደማ በኖረው የከርማ ሥልጣኔ፣ ሟቾች በአልጋ ላይ ተኝተው ይቀበሩ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1913 እስከ 1916 አሜሪካዊው የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ጆርጅ ራይስነር በቆፈራቸው መቃብሮች እግራቸው በከብት እግር አምሳል የተቀረጸ አልጋዎች ተገኝተዋል። ከዚያ ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ግብፅን የገዙት የኩሽ ነገሥታት በሰሜን ሱዳን በሚገኘው በኤል ኩሩ ሲቀበሩ፣ በመቃብሩ ውስጥ ለአልጋው እግሮች ማስገቢያ የሚሆን ጎድጓዳ በድንጋዩ መደብ ላይ ይቀረጽ ነበር። ሱዳኖች ዛሬም አንገረብ የሚሉት አልጋ በገመድ ወይም በቆዳ የሚጠለፍ ሲሆን፣ ሙሽራም ትቀመጥበታለች፣ አስከሬንም ይሄድበታል። በእኔ አመለካከት እኛም ሆንን እነርሱ ከብት አርቢ ሕዝብ መሆናችን ምክንያቱን ያስረዳል፤ በሬ በሚታረድበት ቤት ሁሉ ቆዳ አለና።

ወደ ሥራው ልግባ። መጀመሪያ የሚዘጋጀው እንጨቱ ነው። ዋንዛ ይመረጣል፤ ለመጥረብ ይመቻል፣ ከደረቀ በኋላም ብዙ አይጣመምም። ወይራ ጠንካራ ቢሆንም ይከብዳል፤ መሮንም ያደክማል። ባሕር ዛፍ በየቦታው ስለሚገኝ ብዙ ሰው ይጠቀምበታል፤ ነገር ግን እርጥቡ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ የመጠማዘዝና የመሰንጠቅ ጠባይ ስላለው፣ ቢያንስ አንድ በጋ ሙሉ ጥላ ሥር ሳይደርቅ ለአልጋ መዋል የለበትም። አራቱ እግሮች በየራሳቸው ሁለት ሁለት ቀዳዳ ይፈለፈልላቸዋል፤ የአግዳሚዎቹ ጫፍ ይቀጥንና በቀዳዳው ገብቶ ይቀረቀራል። ምስማር አይመታበትም፤ ሙጫም አይገባበትም። ጠፍሩ ሲደርቅ አራቱንም አግዳሚ ወደ ውስጥ ስለሚስብ፣ መጋጠሚያውን የሚያጠብቀው ራሱ ቆዳው ነው። አግዳሚው ጠርዝ እንዳይኖረው ተልጎ መድቦልቦል አለበት፤ ስል ጠርዝ ያለው አግዳሚ ውሎ አድሮ ጠፍሩን እንደ ቢላዋ ይበጥሰዋል።

ቆዳው የበሬ ወይም የላም መሆን አለበት፤ የበግና የፍየል ሌጦ ስስ ስለሆነ የሰው ክብደት አይችልም። በልፋት፣ ማለትም ቆዳን በማለስለስ ሥራ፣ ያለፈ ቆዳም አይሆንም፤ የለፋ ቆዳ ለስላሳነቱ እንዲቆይ ተብሎ ስለሚሠራ ሲደርቅ የመሸብሸብ ኃይሉን አጥቷል። ለጠፍር የሚፈለገው ጥሬው ነው። የአልጋው ሥራ የሚጀመረው ገና ከብቱ ሲገፈፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ገፋፊው ቸኩሎ ቢላዋውን ያሳረፈበት ቦታ ሁሉ በኋላ ጠፍሩ የሚበጠስበት ቦታ ነው፤ ከብቱ በሕይወት ሳለ እሾህ የቧጨረው፣ ቀንድ የወጋው፣ እከክ የበላውም እንዲሁ። ጨው የተነሰነሰበት ቆዳ ከሆነ ደግሞ በደንብ ሳይታጠብ አይተለተልም፤ ጨው እርጥበት ስለሚስብ ክረምት በገባ ቁጥር አልጋው ይረግባል።

ቆዳው በችካል ተወጥሮ ከደረቀ በኋላ ሥጋና ስቡ ይፋቃል፤ ጸጉሩን በአመድ ውኃ አላልተው የሚያነሡት አሉ፣ ሳይነካ የሚተዉትም አሉ፤ የተተወው ጸጉር ተኝቶበት ከጊዜ በኋላ ራሱ ያልቃል። ከዚያ እንደገና ይነከርና ለመተልተል ይቀርባል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በሥራው ውስጥ እጅግ የምወደው ክፍል ይህ ነው። የእግሩና የአንገቱ ቆዳ ተቆርጦ መካከሉ ክብ ሆኖ ይስተካከላል። ስል ቢላዋ በግንድ ላይ ቀጥ ብሎ ይተከላል፤ አንድ ሰው የቆዳውን ጠርዝ ከቢላዋው ጋር አገናኝቶ አውራ ጣቱን በመካከል ያደርጋል፣ ሌላው ሰው የተቆረጠውን ጫፍ በዝግታ ይስባል። አውራ ጣቱ ልኬት ነው። ቆዳው እየዞረ ከዳር ወደ መካከል ይቆረጣል፤ አንዴም ሳይበጠስ፣ የመጨረሻው ቁራጭ መዳፍ እስኪያህል ድረስ አንድ ወጥ ጠፍር ይሆናል። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ያለው ክብ በሁለት ሳንቲሜትር ቢተለተል 88 ሜትር ያህል ጠፍር ይወጣዋል።

ይህ ቁጥር ለምን እንደሚጠቅም ላስላላችሁ። አልጋው ርዝመቱ 1.90 ሜትር፣ ወርዱ 90 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ ጠፍሩም በየ5 ሳንቲሜትሩ ቢያልፍ፣ በቁመት 18፣ በአግድም 38 መስመር ይኖረዋል። የቁመቱ ድምር ከ34 ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ የአግድሙም እንዲሁ። በየአግዳሚው ላይ ለመጠምጠሚያ የሚሄደው 14 ሜትር ያህል ሲታከልበት 82 ሜትር ይሆናል። የቀረው ለመቋጠሪያና የተበላሸውን ለመተኪያ ነው። አንድ በሬ፣ አንድ አልጋ። ይህንን ሂሳብ በወረቀት የሠራ ሰው አልነበረም፤ እጃቸውና ዐይናቸው ግን ያውቀው ነበር።

ሌላም የሚያውቁት ነገር አለ። የጀርባ ቆዳ ወፍራምና አንድ ዓይነት ነው፤ የሆድ ቆዳ ስስና የሚሳብ ነው። ክብ እየዞረ የሚቆረጥ ጠፍር በእያንዳንዱ ዙር ሁለቱንም ያልፋል። ስለዚህ ባለሙያው ሆዱ ጋ ሲደርስ ሳይናገር አውራ ጣቱን ያሰፋል፤ ጀርባው ጋ ሲደርስ ያጠብባል። በዐይን ሲታይ ወጣ ገባ ያለ ጠፍር ሆኖ ይታያል፤ በጥንካሬ ሲመዘን ግን እኩል ነው። አንድ ወጣት ጠፍሩ ስፋቱ እኩል አይደለም ብሎ ከአንድ አዛውንት ሥራ ላይ እንከን ሲያወጣ ሰምቼ አዝኛለሁ።

የተተለተለው ጠፍር እርጥብ እንደሆነ በሁለት ዛፎች መካከል ታስሮ ትልቅ ድንጋይ ይንጠለጠልበትና መሳቡን እንዲጨርስ ይደረጋል። ቀጥሎ ጠፈራው ይጀመራል። መጀመሪያ የቁመቱ መስመር ከራስጌ ወደ ግርጌ ይሄዳል፤ ይህ ዙር ለዘብ ብሎ ነው የሚሳበው። ሁለተኛው፣ የአግድሙ፣ አንዱን የቁመት መስመር ከላይ፣ አንዱን ከታች እያለ ይጠላለፋል። አግድሙ በገባ ቁጥር የቁመቱ መስመር መታጠፍ ስለሚኖርበት የነበረው ልልነት ይበላል፤ ወደ መጨረሻዎቹ መስመሮች ሲደረስ ጣት እንኳ አይገባም፣ ጫፉ በሾለ ቀንድ ወይም በተላገ እንጨት ቀዳዳ እየተከፈተ ነው ጠፍሩ የሚያልፈው። እያንዳንዱ መስመር ከተሳበ በኋላ ወደ ኋላ እንዳይመለስ አግዳሚው ላይ በሽብልቅ ይያዛል። ጠፍሩ ቢያልቅ ወይም ቢበጠስ በቋጠሮ አይቀጠልም፤ ቋጠሮ የተኛን ሰው ጎን ይወጋል። በሁለቱም ጫፍ በቁመት ትንሽ ይሰነጠቅና አንዱ በሌላው ስንጥቅ አልፎ ተመልሶ ራሱን ያንቃል፤ ሲደርቅ እንደ ብረት ይሆናል።

ምን ያህል ይሳብ? በጽሑፍ ላሰፍረው ያልቻልሁት ጥያቄ ይህ ነው፤ ስለ ራሴ ስሕተት ልንገራችሁ። የመጀመሪያ አልጋዬን የሠራሁት በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በአያቴ ቤት፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነበር። አያቴ ወደ ለቅሶ ሄደው ስለነበር ሥራውን ብቻዬን ጨርሼ ላስደስታቸው ብዬ ተነሣሁ። በእጄ ያለውን ኃይል ሁሉ አፈሰስሁበት፤ እያንዳንዱን መስመር እግሬን አግዳሚው ላይ ተክዬ ሳብሁ፤ ማታ በመዳፌ ስመታው እንደ ከበሮ ጮኸ። ቶሎ እንዲደርቅልኝም ምድጃው አጠገብ አቆምሁት። በሌሊት ሁላችንም ከእንቅልፍ የባነንበት ድምፅ ተሰማ፤ የግርጌው ግራ እግር ከቀዳዳው ጀምሮ እስከ ታች ተሰንጥቆ፣ አልጋው በሙሉ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ተጣሞ አገኘነው። አያቴ ሲመለሱ አልተቆጡኝም። አልጋውን ገልብጠው የተሰነጠቀውን እግር በጣታቸው ከዳሰሱ በኋላ፣ «ልጄ፣ ቆዳው የሚስበውን ለቆዳው ተውለት» አሉኝ።

እንደ ገባኝ ነገሩ እንዲህ ነው። ቆዳ የተጠላለፈ ጭረት፣ ማለትም እንደ ክር የቀጠነ ነገር ነው፤ ሲነከር ጭረቱ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ይሳባል። ውኃው ሲወጣ ጭረቶቹ እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው ይጣበቃሉ፣ ጠፍሩም ያጥራል። በእርጥቡ ጊዜ እስከ መጨረሻው የሳበው ሰው ለዚያ እጥረት ቦታ አላስቀረም፤ አጥሮ የሚሄድበት ሲያጣ እንጨቱን ይሰብራል። እሳት አጠገብ ሲቆም ደግሞ ላዩ ቶሎ ደርቆ ይቆልፋል፣ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ላዩ ይሰነጠቃል፣ ውስጡ ይሸታል። በጥላና በነፋስ፣ በደጋ አየር ለብዙ ቀን መድረቅ አለበት። ትክክለኛው ስበት በመዳፍ ሲጫኑት ጠፍሩ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ የሚልበት ነው ብለው አያቴ አስተምረውኛል፤ እኔም ለተማሪዎቼ ይህንኑ እላለሁ፤ ነገር ግን በወፍራም ቆዳና በስስ ቆዳ፣ በክረምትና በበጋ ሁለት ጣቱ አንድ አይደለም። ይህን እጅ ብቻ ነው የሚለየው፤ እጅም የሚማረው ከሚያውቅ እጅ አጠገብ ተቀምጦ ነው።

ያለቀ አልጋ እንክብካቤ ይፈልጋል። ዋና ጠላቱ ትኋን ነው፤ በየመጋጠሚያውና በየጠፍሩ መጠላለፊያ ይሸሸጋል፤ ስለዚህ አልጋው በየጊዜው ወጥቶ ፀሐይ ይመታዋል፣ የፈላ ውኃ በእንጨቱ መጋጠሚያ ላይ ይፈስበታል። በጠፍሩ ላይ የፈላ ውኃ ማፍሰስ ግን ቆዳውን አኮማትሮ ያበላሸዋል፤ ብዙ ጥሩ አልጋ በዚህ ጠፍቷል።

ይኸው የጠፈራ ዕውቀት አልጋን ብቻ ሳይሆን ቃሬዛንም ሠርቶልናል። ሁለት ረጅም እንጨት፣ በመካከሉ ጠፍር ወይም የቃጫ ገመድ፣ አራት ትከሻ። መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ምጥ የጠናባት እናት ዛሬም በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ትወርዳለች፤ በየመንደሩ ያለው እድር ለሟች ብቻ ሳይሆን ለሕያውም ቃሬዛ ያስቀምጣል። ገደል ላይ የላላ ቃሬዛ ምን ማለት እንደሆነ የተሸከመ ሰው ያውቀዋል፤ በሽተኛው ወደ መካከል ይሰበሰባል፣ ተሸካሚዎቹም ሚዛን ያጣሉ። በደንብ የተወጠረ ቃሬዛ ሕይወት ያደርሳል።

ይህን ሁሉ የሚያውቁ ሰዎች በአገራችን እንዴት እንደ ተያዙ ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ እያልን የሙያ ስም ስድብ አድርገን ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኔ ግን ልጁን ከቆዳ ሥራ ለማራቅ ሲል መሣሪያውን የሸሸገ አባት በዐይኔ አይቻለሁ። ሰውየውን አልፈርድበትም። ልጁ በትምህርት ቤት የሚሰማውን ስድብ እርሱ በሕይወቱ ሙሉ ሰምቶታል። ነገር ግን አውራ ጣት በሆድ ቆዳ ላይ ሲደርስ እንዴት እንደሚሰፋ የሚያውቀው እጅ በዚያ ቤት አብሮ ተቀበረ።

ጥሬ ዕቃው ግን በእጃችን ነው። ቀድሞ በበዓል ማግሥት ቆዳና ሌጦ ሰብሳቢዎች በየሰፈሩ እየጮኹ ይዞሩ ነበር፤ ባለፉት ዓመታት ዋጋው ወድቆ በአዲስ አበባ መንገዶች ዳር የተጣለ ቆዳ ማየት የተለመደ ሆኗል። ፋብሪካ የማይቀበለው፣ ለልፋት ደረጃ የማይበቃ ቆዳ እንኳ ቢላዋ ካልጎዳው ለጠፍር ይበቃል። የስፖንጅ ፍራሽ በየቤቱ ገብቷል፤ ጠፍር አልጋ ይተካው አልልም። ፍራሹን ከመሬት የሚያነሣ፣ ከሥሩ አየር የሚያሳልፍ፣ ምስማር የማያስፈልገው፣ ሲረግብ ተፈትቶና ተነክሮ እንደገና የሚወጠር አልጋ በዚህ ማሠልጠኛ እንደ አንድ ሙሉ ትምህርት ቢሰጥ ግን የሚቀጠር መምህር አለ፤ ዛሬ ከእኔ ጋር የመጡት ሁለት አዛውንት እዚያ ኋላ ተቀምጠዋል። ደሞዝ ከፍላችሁ ብትቀጥሯቸው፣ የሚሠሩትንም በየደረጃው ብትመዘግቡ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አሥር የሚያውቁ እጆች ይኖሩናል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ጠፍሩ ደርሷል። ከዚህ በላይ በውኃ ውስጥ ከቆየ ይበዛበታል። እጅጌያችሁን ሰብስቡና ወደ ጥላው እንውጣ፤ የቁመቱን መስመር አባቶች ይጀምሩልናል፣ አግድሙን እናንተ ታስገባላችሁ። ሽብልቁና ቀንዱ በርሜሉ አጠገብ ባለው ቅርጫት ውስጥ ናቸው።